ትእግስት

ምንይችል ጀልባውን አዲስ ቀለም ቀባ፤
«ስሟን ጻፍልኝ» ብሎ ሱቄ ድረስ ገባ።
ትዕግሥት ነው ስሟ፤ የበኩር ልጁ ስም፤
ወጉስ የአንድ ቀን ነው፣ ሥራው ከዚያ አያልፍም።

እኔ ግን አራት ቀን።

ባሕር ዳርን ስጽፍ በሐመሩ «ሕ» ነው፤
ሃሌታ የጻፈን ዓመት ነው የማኮርፈው።
ከዘንባባው መንገድ እስከ ዓሣ መሸጫው፣
ሰሌዳው ግማሹ የኔ ጣት ነው ያወጣው።

ክር ወጥሬ ጎኗን በጠመኔ ለካሁ፤
የ«ት»ን አንገት ብቻ አምስት ጊዜ ፋቅሁ።
ባጃጅ ጮኾ ሄደ፤ ቀኑ ቆለቆለ፤
የላኩልኝ ምሳ አጠገቤ ዋለ።
ምንይችል ይመጣል፣ ቆሞ ቆሞ ያያል፤
«አለቀ ወይ?» ሲለኝ፣ «ትንሽ ነገር ቀርቷል።»

ትንሽ ነገር! አቤት፣ ስንቱን ዓመት በላች፤
የአባቴን መቃብር ስም አልባ አስቀረች።
ሽምብጥ ከግንቡ ሥር ደንጊያው ተጠርቦ፣
ሁለት ክረምት ቆሟል ዝናብ ብቻ ጠግቦ።
እጄ ቢንቀጠቀጥ፣ አንድ ፊደል ብስት፣
ደንጊያ አይፋቅ ነገር! ነገ እያልሁ ዓመት።

ሐሙስ ማታ፣ በቃ፣ ቡሩሹን አኖርሁት፤
ከሩቅም ከቅርብም ዞሬ ዞሬ አየሁት።
መስመሩ ልክ። ጥላው ልክ። ውፍረቱ ልክ።
ያኔ ነው የታየኝ፦

ትእግስት።

ዓይኑ «ዕ» ቀርቶ አልፋው፤ ንጉሡ «ሥ» ቀርቶ እሳቱ።
አራት ቀን ሙሉውን አንገቱን ስለካ፣
ፊደሉን እራሱን አላየሁም ለካ።

ጨርቄን ናፍጣ ነክሬ ልፍቀው ስል ስጠጋ፣
«ተው» አለኝ ምንይችል፤ «መረብ ሳልጥል ሊነጋ?»
«ፊደሉን ስቻለሁ!» «ቀረሶ አያነብም።»
«ሰው ያነባል!» ስለው፣ «ሰው ከሆነ ግዴለም።
ለራት ስጠራትማ ትመጣለች ሮጣ፤
በዓይኑ ነው በአልፋው? አልጠይቅም ስትመጣ።
ያባቴማ ታንኳ ደንገል ነው፤ ታስገባለች፤
እግሩን እያራሰች ስድስት ልጅ አሳደገች።»

እንቦጩን ሰንጥቃ፣ ጨለማውን ገፍታ፣
ትእግስት ሄደችብኝ ስሕተቴን አንግታ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ሐይቁ ሁሉ የሚያነብ፣
ጉማሬው ሳይቀር ብቅ ብሎ የሚስቅብኝ መሰለኝ።

በነጋው ተመለሰች። ተአምር አልነበረም፤
ስምንት ዓሣ ብቻ፣ አንዱም ትልቅ የለም።
ሁለቱን ሰጠኝና ሒሳቡንም ከፍሎ፣
ሄደ እያፏጨ መረቡን አዝሎ።

እሑድ፣ ሕዝቡ ሲበተን፣ ሽምብጥ ወረድሁ፤
መሮና መዶሻ ብቻ። ክር አልወጠርሁ፤
ጠመኔዬን ረሳሁት ብል ውሸት ነው። ተውሁት።

ጥሩነህ ነው የአባቴ ስም። አራት ፊደል።
«ጥ» ደኅና ወጣች። የ«ሩ» ጭራ ትንሽ ተቆረሰች።
ከሐይቁ ነፋስ መጣ፣ የደንጊያውን አቧራ ዓይኔ ውስጥ ጨመረው፤
ዓይኔን እያሻሸሁ፣ ቦታ ስቼ፣
«ነ»ን ራቅ አድርጌ ጀመርሁ።
ጨርሼ ቀና ስል
አንዱ ስም ለሁለት ተከፍሎ ቆሟል፦

ጥሩ ነህ

አባቴ አናጢ ነበር። በሠራሁት ሁሉ ላይ
አውራ ጣቱን እያስኬደ እሾሁን ሲፈልግ ነው የማውቀው።
ይህችን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

ትንሽ ተቀመጥሁ።
መሮዬን በሱሪዬ ጠርጌ ከረጢት ውስጥ ከተትሁት።
በሐይቁ በኩል ሞተር ይሰማል፤
የማን ጀልባ እንደሆነች
ከዚህ አይነበብም።